የሐዲዱ ሌላኛው ጫፍ

አንድ ሰው ነበረ፤ ብረት ቆራጭ።

መምህር ዘውገ መልሳቸውን የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው። በሙያ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት የብረት ሥራ አስተምረው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው የከበደው ነገር ሲገጥመው ወደ እሳቸው ይሄዳል። ያን ቀን የመጣችው ሐረገወይን የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ከሞተ ሰባት ወር ሆኗታል።

ጥያቄዋን ያቀረበችው ሳትቀመጥ ነው። «ሰዎች ይመጣሉ» አለች። «ቁጭ ብለው መሬት መሬት ያያሉ፤ ከዚያ ይነሱና ይሄዳሉ። ሐዘኔን አይሸከሙልኝ። አሁን አሁን ሲያንኳኩ ድምፄን አጥፍቼ እቀመጣለሁ። መምህር፣ በሬን መዝጋቴ ጥፋት ነው?»

መምህሩ በእጃቸው ወንበር አሳዩአት። እስክትቀመጥ ጠብቀው ስለዚያ ብረት ቆራጭ ይነግሯት ጀመር።

ሰውየው የሚኖረው ቆላ ውስጥ፣ ድሮ ባቡር ያልፍባት በነበረች ትንሽ ከተማ ዳር ነው። እጁ የተመሰከረለት ባለሙያ ነበር። የከተማው በርና መስኮት፣ የጋሪው አክሰል፣ የወፍጮ ቤቱ ዘንግ፣ በእሱ እጅ ያላለፈ ብረት የለም። ሚስት ነበረችው፤ ልጅ አልወለዱም። ከቤታቸው ዝቅ ብሎ ወንዝ አለ። ወንዝ ይባል እንጂ በጋውን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ፍየል ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ላይኛው አገር የዘነበ ቀን ግን፣ እዚህ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ጎርፉ ዛፍ ነቅሎ እያንከባለለ ይደርሳል። ድልድይ የለውም። ጤና ጣቢያው ማዶ ነው። የሚስቱ አባትም የሚኖሩት ማዶ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሚስቱን ትኩሳት ያዛት። ዛሬውኑ እንሻገር አለችው። ወንዙ ደረቅ ነበር። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ሲበይድ ውሎ ደክሞታል፤ እስኪነጋ እንየው፣ ምናልባት ይበርድልሻል አላት። ጠዋት በሰው ሸክም ይዘዋት ሲወርዱ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ከግራር ሥር አስተኟት። አባቷ ወሬው ደርሷቸው ማዶ ቃሬዛ ይዘው ቆመዋል። ሁለቱ ወንዶች፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ፣ በጎርፉ ላይ ሲተያዩ ዋሉ። መነጋገር አይቻልም፤ የውሃው ጩኸት ድምፅ አያሳልፍም። ሽማግሌው አንዳንዴ እጃቸውን ያነሳሉ፤ ምን ለማለት እንደሆነ አይታወቅም። ውሃው የጎደለው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። እሷ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረችም።

ከቀብሩ በኋላ ሰው መጣ። እንደዚያ ባለ ጊዜ ሰው አይቀርም፤ ሩቅም ቅርብም ይመጣል። ሰውየው ሦስት ቀን ታግሦ ተቀመጠላቸው። ከዚያ ግቢውን ዘጋ። የሚያንኳኳ ሲመጣ የመቁረጫ ማሽኑን ያስነሳዋል። የሚቆረጥ ነገር ኖረም አልኖረም ያ ማሽን ሲሽከረከር ሰፈር ያደነቁራል፤ የመጣውም ሰው ሥራ ላይ ነው ብሎ ይመለሳል። እንዲህ እያለ የሚመጣው ሰው ቀነሰ። ኋላም ቀረ።

አንድ ሰው ብቻ አልቀረም። የሚስቱ አባት በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አሸዋውን ተሻግረው ይመጣሉ። አያንኳኩም፣ አይጣሩም። ከግቢው በር አጠገብ ካለች ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ልብሳቸውን አራግፈው በመጡበት ይመለሳሉ። ሰውየው በአጥሩ ቆርቆሮ ቀዳዳ ያያቸዋል። አይከፍትላቸውም። ልጄን ምን አደረግሃት ሊሉኝ ነው የሚመጡት ብሎ ያምን ነበር። ስለዚያች ምሽት ለማንም አልተናገረም። ቀን ቀን ሥራው ላይ፣ ምግብ ሲበላ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ እስኪነጋ እንየው ያለው ቃል ይመጣበታል። ከዚህ ነገር ጋር ለብቻው ነበር፤ ለብቻው መሆኑንም እንደ ቅጣት ተቀብሎት ነበር።

አንድ ጠዋት ድልድይ ልሥራ ብሎ ተነሳ። አሮጌው የባቡር መስመር ሲነሳ የተጣሉ ሐዲዶች ነበሩ፤ ቀበሌውን ጠየቀ፣ ለሰው መሻገሪያ ከሆነ ውሰድ አሉት። ሐዲድ ምን ያህል እንደሚከብድ መቼም ትገምቺዋለሽ። የሰፈሩ ወጣቶች እንሸከምልህ አሉት፤ እንቢ አለ። ብቻዬን ነው ያዘገየኋት፣ ብቻዬን ነው የምሠራው የሚል ሐሳብ ነበረው፤ ይህን ግን አልነገራቸውም። አንዷን ሐዲድ በአጣናና በድቡልቡል እንጨት እያንከባለለ ግቢው ለማስገባት ሁለት ቀን ፈጀበት። ሁለተኛዋን ለማስገባትም እንደዚያው። ሁለቱ ሐዲዶች ከዳር እስከ ዳር ይጋደማሉ፤ ከላያቸው ሳንቃ ይነጠፋል። ዝናቡ ሊገባ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶታል።

የሁለቱም ሐዲዶች አንዱ ጫፍ ተጣሞ ነበር። የተጣመመው ካልተቆረጠ መሠረቱ ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ ሁለት ቦታ መቁረጥ አለበት፤ ሥራው ይኸው ነው። ለመቁረጫ ማሽኑ ያለው ደግሞ ሦስት ዲስክ ብቻ ነው። ዲስክ የሚገኝበት ከተማ ሩቅ ነው፤ ሄዶ እስኪመለስ ዝናቡ ይቀድመዋል።

ስለ መቁረጫ ማሽኑ ትንሽ ልንገርሽ። ጥርስ የለውም። የሚሽከረከረው ከደቃቅ ድንጋይና ከሙጫ የተሠራ ስስ ዲስክ ነው። ብረቱን እየፋቀ፣ ራሱም እያለቀ ይቆርጣል። ቀጭን ብረት ላይ ስታወርጂው ወዲያው ያልፋል። ወፍራም ብረት ግን ሌላ ነው። ጉልበት ሰጥተሽ ከተጫንሽው ሞተሩ ያቃስታል፣ ብረቱ ይግላል፣ የጋለው ቦታ ሰማያዊ ሆኖ ከበፊቱ ይጠነክራል፤ ዲስኩም ፊቱ ይለሰልስና ይንሸራተታል። ተማሪዎቼን በመጀመሪያው ሳምንት የማስተምራቸው ይህን ነበር፦ አትጫኑት፣ በራሱ ክብደት ይውረድ፣ አልፎ አልፎ አንሱትና ይተንፍስ። ሰውየው ይህን ያውቃል። ያን ቀን ግን እጁ አልሰማውም። ብረቱ ላይ የተጫነው እንደ ጠላት ነው። ሰማያዊ ሲሆን ሲያይ ነው የነቃው። አቁሞ አበረደው፣ በትዕግሥት እንደገና ጀመረ። ወረደለት። ግማሽ ደረሰ።

ከግማሽ በኋላ ነው ችግሩ የመጣው። ከማሽኑ ወዲያ ያለው ረጅሙ ጫፍ ምንም አልያዘውም። ቁርጡ እየጠለቀ ሲሄድ ያ ጫፍ በክብደቱ ወደ ታች መዝመምና ወደ ጎን መዞር ጀመረ። ቁርጡ ሲጣመም ዲስኩ መሐል ላይ ተያዘ። አንድ ጊዜ ጮኸና ተሰበረ።

ሰውየው ዲስኩን ሰደበ። አሮጌ ዲስክ ነው አለ። ግን ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ ሁለተኛውን ከመግጠሙ በፊት ከወዲያኛው ጫፍ ሥር ድንጋይ ደረደረ። አሁን ጫፉ አይወድቅም። ማሽኑን አስነሳ። ዲስኩ በጥሩ ሁኔታ ወረደ። ነገር ግን የደረደረው ድንጋይ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ብረቱ እየሳሳ ሲሄድ መሐሉ ላይ ረገበ፤ ሲረግብ የቁርጡ ሁለት ከንፈር ከላይ ተገጣጠመና ዲስኩን ነከሰው። ሁለተኛው ሲሰበር አንዱ ስባሪ የማሽኑን ሽፋን አልፎ ክንዱን መታው። እጅጌውን ቀዶ ሥጋው ውስጥ ገባ።

ማሽኑን አጠፋ። መሬት ላይ ቁጭ አለ። ደሙ ከክንዱ ወደ መዳፉ እየወረደ የብረቱን ብናኝ ያርሰው ጀመር። በጥርሱና በአንድ እጁ ጨርቅ አሰረበት። አንድ ዲስክ ቀርቷል። ጫፉን ብለቀው ይወድቃል፣ ብደግፈው ይነክሳል፤ ድንጋዩን ስንት ጊዜ ከፍና ዝቅ ላደርገው ነው ብሎ አሰበ። ማሽኑን የያዘ ሰው ሄዶ ድንጋይ ሊያስተካክል አይችልም፤ ጫፉ ያለው ስድስት እርምጃ ርቆ ነው። ማሽኑ ስለጠፋ ግቢው ውስጥ ምንም ድምፅ አልነበረም። በዚያ ጸጥታ ከአጥሩ ውጭ ሰው ሲያስል ሰማ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር።

ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠ አላውቅም። በመጨረሻ ተነስቶ ሄዶ በሩን ከፈተ።

ሽማግሌው ከድንጋያቸው ቀና ብለው አዩት። ፊቱን፣ ከዚያ ክንዱን አዩ። ምን ሆንክ አላሉትም። እሱ ደግሞ ሰላምታም ይቅርታም አልመጣለትም። «አባባ» አለ፣ «ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ።»

ሽማግሌው ተነሱና ገቡ። ኩታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ አኖሩ። ሕይወታቸውን ሙሉ ያረሱ ሰው ናቸው፤ ከብረት ጋር ትውውቅ የላቸውም፤ ይህንንም ነገሩት። ሰውየው ድንጋዮቹን አነሳና ከጫፉ ሥር ረጅም አጣና አስገባ፤ በአንድ ድንጋይ ላይ አሳርፎ የአጣናውን ሌላ ጫፍ ለሽማግሌው ሰጣቸው። በዚህ አኳኋን አንድ ደካማ ሰው እንኳ የሐዲድን ጫፍ ያነሳል። አያንሱት፣ ወደ ታችም አይልቀቁት፣ ከዚህኛው ጋር እኩል ይሁን ብቻ አላቸው። እንዴት አውቃለሁ ብለው ጠየቁት። ሲከብድዎት ትንሽ ይደግፉት፣ ሲቀልልዎት ትንሽ ይተዉት አለ። ከፍንጣሪ የሚከላከል ተጨማሪ መነጽር ዓይናቸው ላይ አደረገላቸው። የልጃቸውን ባል እጅ የነኩት ያን ጊዜ ነው፤ መነጽሩን ሲያስተካክሉ።

ሦስተኛውን ዲስክ ገጠመ። ሁለቱን ሐዲዶች የሚቆርጠው ይኸው ዲስክ ነው፤ ከዚህ በኋላ ሌላ የለም።

ማሽኑ ተነሳ። ፍንጣሪው እስከ አጥሩ ይረጫል። ሰውየው ዓይኑን ከቁርጡ ላይ አላነሳም፤ ወደ ሽማግሌው አልዞረም። መዞር አያስፈልገውም ነበር። በማሽኑ መያዣ በኩል ይሰማዋል፤ ብረቱ ሊዘም ሲል ከወዲያ በኩል አንድ ነገር ቀስ ብሎ ይቀበለዋል፤ ከፍ ሊል ሲል ይለቅለታል። ድንጋይ ይህን አያደርግም። ድንጋይ ካስቀመጥሽበት ከፍታ አይንቀሳቀስም፤ ብረት ግን እየተቆረጠ ሲሄድ በየጊዜው ይለወጣል። እጅ ነው የሚከተለው። ሰውየው ሁለት ጊዜ አቁሞ አበረደ። ሽማግሌው አጣናውን እንደያዙ፣ ላባቸው በአፍንጫቸው እየወረደ፣ ይጠብቁታል። ዲስኩ ታች ደርሶ ሲያልፍ ረጅሙ ጫፍ አልወደቀም። አጣናው ላይ ቀረ። ሽማግሌው ቀስ አድርገው መሬት አስተኙት።

ሁለተኛውንም እንደዚያው ቆረጡት። ሲጨርሱ ዲስኩ አልቆ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ አክሎ ነበር።

ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ሁለቱም ሐዲዱ ላይ ተቀመጡ። ሰውየው ወደ መሬት እያየ ተናገረ። «ትኩሳቱ የያዛት በዋዜማው ነው። ዛሬውኑ እንሻገር ብላኝ ነበር። ወንዙም ደረቅ ነበር። እስኪነጋ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው የብረቱን ብናኝ ከጉልበታቸው አራገፉ። «አውቃለሁ» አሉ። «ጎረቤትህ ያን ምሽት ስትነጋገሩ ሰምታ ኖሮ በሰልስቱ ነግራኛለች።»

ሰውየው ቀና ብሎ አያቸው። እያወቁ ለምን ይመጡ እንደነበር ጠየቃቸው።

«መጀመሪያ ዓይንህን እንዳላይ ምዬ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ሁለት ሳምንት እንደዚያ ሆኜ ቆየሁ። ኋላ ግን፣ ይህን ነገር ይዞ ብቻውን እንዴት ይውላል እያልኩ ምግብ እንቢ አለኝ። መምጣት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።»

«ለምን አላንኳኩም?»

«ምን ልልህ? የምለው አልነበረኝም።»

ሰውየው ያን ጊዜ አለቀሰ። በቀብሩ ዕለት ያላለቀሰውን ነው ያለቀሰው። ሽማግሌውም አጠገቡ ተቀምጠው አለቀሱ። አላባበሉትም። እሳቸውም ልጃቸውን ካጡ ወዲህ ከሰው ፊት ሲያለቅሱ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ማዶ ባለው ቤታቸው የሚሰማቸው አልነበረምና።

በማግሥቱ የግቢው በር ክፍት ዋለ። ማንም አዋጅ አልነገረም፤ በሩን ያየ ገባ። ሐዲዶቹን ወንዝ ያወረዷቸው ሃያ ሰዎች ናቸው። ድልድዩ ከዝናቡ አራት ቀን ቀድሞ አለቀ። የመጀመሪያው ጎርፍ በሥሩ ሲያልፍ ብዙ ሰው ወጥቶ አየ። በሁለተኛው ጎርፍ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሻገረችበት። ደህና ወለደች አሉ።

ሰውየው ከዚያ በኋላ ደስተኛ ሆነ ብዬ አልዋሽሽም። ሚስቱ አልተመለሰችም። ቤቱ ሲገባ የሚቀበለው የለም፤ ትራሷን ከአልጋው እስካሁን አላነሳውም ይባላል። ስለዚያች ምሽትም ሽማግሌው አላጠፋህም አላሉትም፤ እሱም አላጠፋሁም አላለም። ብቻ ያን ነገር ይዞ አንድ ቀን ከሌላው ቀን ማድረስ ቻለ።

መምህር ዘውገ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። ሐረገወይን እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ወለሉን ታይ ነበር። መምህሩ ወደ እሷ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ፣ «ሐዘንሽን እንደማይሸከሙልሽ ያልሽው ልክ ነው። ብረቱ ያንቺ ነው፤ የምትቆርጪውም አንቺ ነሽ። በማሽኑ በኩል ማንም ሊተካሽ አይችልም። ግን ሐዘን ረጅም ነገር ነው፤ ከያዝሽበት ቦታ ወዲያ የሚንጠለጠል ሌላ ጫፍ አለው፤ አንቺ ከቆምሽበት እጅሽ እዚያ አይደርስም። አንቺ እየተጋሽ፣ እየታገሥሽ፣ ግማሽ ስትደርሺ ያ ጫፍ ይዘምና ይነክስሻል። ያን ጊዜ ራስሽን ትሰድቢያለሽ፤ ደካማ ነኝ ትያለሽ። ደካማ ሆነሽ አይደለም። ወዲያኛውን የያዘው ስለሌለ ነው።

«እነዚያ መሬት መሬት እያዩ የሚቀመጡት ሰዎች የሚሉት የላቸውም። እኔም ባልሽ የሞተ ጊዜ መጥቼ ተቀምጬ ነበር፤ ትዝ ይልሽ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔም የምለው አልነበረኝም። ሊቆርጡልሽ አልመጡም። ሊይዙልሽ ነው የመጡት። ከመካከላቸውም የራሱን ብረት ይዞ፣ የራሱን ጫፍ የሚይዝለት አጥቶ የሚመጣ ይኖራል። የባልሽ እናት ባለፈው ሳምንት በርሽ ላይ ቆመው ተመለሱ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ሐረገወይን ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«በሬን መዝጋቴ ጥፋት ነው ወይ ብለሽኛል» አሉ መምህሩ። «ጥፋት አልለውም። ያ ሰውም በሩን ሲዘጋ ጥፋት አልሠራም፤ ሁለት ዲስክ ሰበረ እንጂ። የባልሽ እናት ተመልሰው ሲመጡ የሚናገሩት እንዲኖራቸው አትጠብቂ፤ አንቺም የምትነግሪያቸው አትፈልጊ። መቀመጫ ስጫቸውና ስፌትሽን ቀጥይ። መያዙን እሳቸው ያውቁበታል።»